የዐረቡ ቤት ጣሪያ

ሰኔ ከገባ ጀምሮ መካነ ሰላም ላይ በየቀኑ ይዘንባል። ሲዘንብ የገበያው መንገድ ቆርቆሮ ሁሉ ይንጫጫል፤ ውሃው በየአሸንዳው እየተንደረደረ ወርዶ ሰውንም አህያንም እኩል ያጥባል። አንድ ቤት ብቻ ዝም ይላል፤ እሱም የዐረቡ ቤት ነው። ዝናቡ አባርቶ የሌላው ጣሪያ ደርቆ፣ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ መጨስ ሲጀምር፣ ያን ጊዜ ከዐረቡ ቤት የድንጋይ አሸንዳ አተላ የመሰለ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ይህን ያየ ሰው ሞልቷል፤ ነገሬ ያለው ግን አልነበረም። በ1967 ዓ.ም. የከተማው ሰው ሌላ ብዙ የሚያየው ነበረው። ረሃቡ ያፈናቀለው ሕዝብ ገና ከየበረንዳው አልተነሣም። ካኪ የለበሱ ዘማች ተማሪዎች በድምፅ ማጉያ ይጮኻሉ። የመሬት አዋጁን የሚያነብ፣ አዋጁን የሚያስነብብ፣ አዋጁን ሰምቶ ለሄደበት መሬቱ የሚያለቅስ፣ ሁሉም እዚያው ገበያ ውስጥ ይጋፋል። በዚህ ግርግር መሀል ቆማ ስለ አሸንዳ የምታስብ ሰው ብትኖር አስቻለች አምባቸው ብቻ ናት።

አስቻለች የሃያ አምስት ዓመት ሴት ናት። ከከላላ ማዶ ከገበሬ ቤት መጥታ፣ አክስቷ ዘንድ ሆና እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምራለች፤ የእጅ ጽሕፈቷ ስለሚያምር የከተማው ኮሚቴ ጸሐፊ አድርጓታል። ከልጅነቷ ጀምሮ ነገር ከከነከናት ሳታጣራ እህል አይዋጥላትም። የጎረቤት ዶሮ መጣል ብታቆም እንኳ ምክንያቱን ካላወቅሁ ብላ የሰው አጥር የምትዞር ሴት ናት። አክስቷ በሕይወት ሳሉ "አንቺን የሚያገባ ሰው ኪሱን ውጭ አራግፎ ይግባ" ይሏት ነበር። እስካሁን ኪሱን ሊያራግፍ የደፈረ አልተገኘም።

መጀመሪያ አሸንዳው ከነከናት። ቀጥለው ወፎቹ ከነከኗት፤ ድንቢጦች እየተንጋጉ ይመጡና ከዐረቡ ቤት አናት ላይ ወርደው ይሰወራሉ፣ ቶሎም አይነሡም። ሦስተኛው ግን ጭራሽ አላስቀምጥ አላት። የቤቱ ባለቤት ገበየሁ አንድም ከብት ሳይኖረው በየገበያው ፍግ ይገዛል። ዶሮ እንኳ የሌለው ሰው ፍግ ምን ያደርግለታል?

ቤቱን የሠራው ከብዙ ዓመት በፊት አንድ የመናዊ ነጋዴ ነው። እንደ አገሩ ልማድ ከድንጋይ ገንብቶ፣ ጣሪያውን ጠፍጣፋ አድርጎ፣ ዙሪያውን የቤቱ ሴቶች እንዳይታዩ ከሰው ቁመት በላይ ግድግዳ አቆመበት፤ ከታች ለሚያይ ሰው ጣሪያው የት ላይ እንደሆነ አይለይም። እሱ ወደ አገሩ ሲሄድ ቤቱን ገበየሁ ገዛው። ገበየሁ የእህል ነጋዴ ነው። ሰው ፊት ለፊት አንቱ ይለዋል፤ ዞር ሲል ደግሞ ሌላ ነገር ይለዋል። በረሃቡ ጊዜ ከገበሬ እየገዛ ወደ ደሴ ሲጭን የኖረ ሰው ነውና አያስገርምም። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጅ የለውም፤ ከተማው ደግሞ እህሉን ሁሉ ደብቆ ለብቻው ተቀምጧል ይላል።

አስቻለች ከከተማው የበለጠ ምክንያት ነበራት። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ፣ ዝናቡ የቀረ ጊዜ፣ አባቷ አምባቸው የመጨረሻውን የዘር ገብስ በጎረቤት አህያ ጭኖ መጥቶ ለዚሁ ለገበየሁ ሸጠ። የዘሩን ሽጦ ወደ ቤቱ የሚመለስ ገበሬ ሰው ቀና ብሎ ለማየት ያፍራል። አምባቸውም መደብ ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ሁለት ወርም አልቆየ፣ ሞተ። ወንድሟ አራጌ ከዚያ ወዲህ በቀን እየተቀጠረ የሰው ማሳ እያረሰ ነው የኖረው። ዘንድሮ አዋጁ ወጣ፤ የገበሬ ማኅበሩ በገመድ ለክቶ መሬት ሰጠው። ዕድሜ ልኩን ጢሰኛ የነበረ ሰው መሬት አገኘ፣ በሬም ከጎረቤት ተገኘ፣ ዘር ግን የለም። የገብስ መዝሪያ ደግሞ ሰኔ ሚካኤልን ካለፈ አለፈ ነው። አራጌ "ዘር ካልተገኘ ሚካኤልን ውዬ ለቀን ሥራ ሁመራ እወርዳለሁ፤ መሬቱንም ለሚዘራው ይስጡት" ብሎ ልኮባታል። ሁመራ ከወረደው ስንቱ እንደቀረ አስቻለች ታውቃለች። ከአራጌ ሌላ በዚህ ዓለም ዘመድ የላትም።

እንግዲህ ስለ ጣሪያው ማሰቧ የወሬ ጥማት ብቻ አልነበረም። ከገበየሁ ጎተራ አንድ ቁና ዘር ማውጣት አለባት፤ የቀራት ሦስት ቀን ነው።

ሰኔ ዘጠኝ ቀን ኮሚቴው የነጋዴዎችን መጋዘን መመዝገብ ጀመረ። ሊቀ መንበሩ ንጉሡ እስከ አምና ድረስ አስተማሪ ነበር። አሁን "ጓድ ንጉሡ በሉኝ" ይላል፤ ስሙ ከዘመኑ ጋር እንደማይስማማ ግን ማንም ደፍሮ አልነገረውም። ከዐረቡ ቤት ደጅ ሲደርሱ ሕዝቡ ግር ብሎ ተከተላቸው። ገበየሁ በሩን ከፍቶ ቆመ፤ ሽበታም፣ ከሲታ፣ ጥፍሩ ሥር ጥቁር አፈር ያለበት ሰውዬ ነው። አስቻለች ጥፍሩን አየች።

መጋዘኑ ባዶ ነበር። የተጣጠፈ ጆንያ፣ ጥቂት አሞሌ ጨው፣ አንድ የተሰበረ ሚዛን፣ በቃ። ንጉሡ ተናደደ፤ ሕዝቡ ደጅ ላይ "ይውጣ! የደበቀውን ያውጣ!" ሲል እሱም ንግግር ሊያደርግለት ወጣ። ንግግር ከጀመረ ደግሞ ቶሎ የሚጨርስ ሰው አይደለም። አስቻለች የመለኪያ ገመዷን ይዛ ከወለሉ እስከ ቆጡ፣ ከቆጡ እስከ ጣሪያው ለካች። ከመግባቷ በፊት የውጩን ግድግዳ በረጅም ዘንግ ለክታ ነበር።

"ጋሼ ገበየሁ" አለችው፣ "ቤትዎ ከውጭ አሥራ ሁለት ክንድ ነው። ከውስጥ ስምንት ነው። አራቱ ክንድ የት ገባ?"

"የጣሪያው ግንድ ነው እቴ። የጥንት ሥራ ወፍራም ነው።"

"አራት ክንድ የሚወፍር ግንድ የት አገር ይበቅላል?"

 የገበየሁ ዓይን ሳያስበው ወደ ቆጡ ሄዶ ተመለሰ፤ ለአስቻለች ይኸው በቃት። የጆንያ መውጊያውን ብረት አንሥታ የቆጡን መሰላል ወጣች።

ቆጡ ላይ ባዶ ጆንያዎች እንደ መጋረጃ ተሰቅለዋል። ገለጥ ስታደርጋቸው የዋንዛ በር አገኘች፤ አጭር፣ እጀታው ከመዳበስ ብዛት የለሰለሰ። ደፉ ላይ እርጥብ አፈር አለ።  ይኸው ያዝኩህ አለች በሆዷ። ከበሩ ወዲያ አምስት የድንጋይ ደረጃ ነበር፤ እየተንደረደረች ወጣችውና እላይ ስትደርስ እግሯ ቆመ።

ገብስ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አትክልትና አዝመራ ነው። ገብሱ ደርሶ ቢጫ ሆኗል፤ ከጎኑ ስንዴ፣ ከስንዴው ወዲያ ምስር፣ ከምስሩ ወዲያ ጎመን። ዱባ ግድግዳውን ይዞ ወጥቶ አናቱ ላይ አበባውን ዘርግቷል። በተሸነቆረ እንስራ ውስጥ ባቄላ አለ። እያንዳንዱ መደብ በድንጋይ ተከልሎ፣ በመካከሉ አንድ እግር ብቻ የሚያስኬድ መንገድ ተትቶለታል። ድንቢጦቹ ብር ብለው ተነሡ። ከታች የንጉሡ ንግግር፣ የአህያ ጩኸት፣ የአንጥረኛው መዶሻ ይሰማል፤ ነገር ግን ከሌላ አገር እንደሚመጣ ሆኖ ነው የሚሰማው። እዚህ ሰማይና ገብስ ብቻ ነው ያለው። አስቻለችን ሽታው አወዳት። ሁለት ዓመት ሙሉ ያላሸተተችው የደረሰ እህል ሽታ ነው። 

ቀጥሎ ግን ገበሬነቷ መጣባት። እሷ ባደገችበት አገር እህል የሚቀበረው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጭቃ ሹሙ መጣ ሲባል ደግሞ ሰው የጉድጓዱን አፍ አፈር አልብሶ ይዘራበታል። አባቷም አድርጎታል፤ እሷ ራሷ በልጅ እግሯ አፈሩን ረግጣለታለች። ስለዚህ ገብሱን ስታይ የታያት ገብሱ አልነበረም፤ ሥሩ ያለው ጉድጓድ ነው። አይ ገበየሁ፣ ከተማ መሀል ሆነህ የገበሬ ብልሃት ትሠራለህ? አለች። መደቡ ውስጥ ገባችና ብረቱን ሰካች። ክንድ እንኳ ሳይገባ ድንጋይ ነካ። ፈቀቅ ብላ እንደገና ሰካች፤ ድንጋይ። ሌላ መደብ ገባች። ብረቱ በየሄደበት ቋ ይላል፤ ገብሱም በእግሯ ሥር ይሰበራል።

"ያረብ! አትርገጪው!"

ገበየሁ ደረጃው ላይ ቆሟል። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ጉድጓዱ የት ነው?"

"የምን ጉድጓድ?"

"እህሉን የቀበሩበት!"

"ልጄ፣ ጣሪያ ላይ እኮ ነን" አለ ገበየሁ። "ከዚህ በታች መጋዘኔ ነው። የት እቀብረዋለሁ?"

አስቻለች ብረቱን እንደያዘች ቀረች። እውነት ነው፤ ጣሪያ ላይ ናቸው። የገዛ ገመዷ የነገራትን ረስታ፣ ሰማይ ላይ ጉድጓድ ስትፈልግ ነው የቆየችው። ሌላ ጊዜ ቢሆን በራሷ ትስቅ ነበር።

"ታዲያ ይህ ምንድን ነው?" አለች።

ገበየሁ የመደቡ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ማንም ጠይቆት የማያውቀውን ነገር ጉልበቱን እያሻሸ ጀመረ።

"አምና ሰኔ ዝናቡ ሲመለስ ገበሬው መጣ። ዘር አበድረን አለኝ። ደጄን ሞልቶት ነበር። ከእነሱ የገዛሁትን አንድ ፍሬ ሳላስቀር ደሴ ሸጬው ነበር፤ የምሰጣቸው አልነበረኝም። ደብቆ ነው የከለከለን ብለው ረግመውኝ ሄዱ። ደብቄ በነበር። ምነው ደብቄ በነበር! ሲሄዱ ጆንያዎቹን ገለበጥሁ። ከስፌቱ፣ ከወለሉ ስንጥቅ፣ ከመጥረጊያው ሥር ለቀምሁ። ሁሉም ተደባልቆ አንዲት ጣሳ አልሞላም። የቱ የቱ እንደሆነ ስለማላውቅ ዘራሁት፤ ሲበቅል መልኩን ያሳየኛል ብዬ። አፈሩን በቀን አንድ አንድ ቁና እያልሁ አወጣሁት። አሁን ሁለተኛ ምርቱ ነው። አሥራ አንድ ዓይነት ለይቻለሁ።"

"ለምን ደበቁት?"

"ሰው ካየው ይበላዋላ። የራበው ሰው ዘር ነው ብሎ ይተወዋል? እኔ ጠግቤ እንኳ አልተውሁትም።"

አስቻለች ልትመልስለት አፏን ስትከፍት ዓይኗ ወደ እግሯ ሄደ። የረገጠችው ገብስ ከሌላው ይለያል። ፍሬው ጥቁር ነው፤ ጢሙ ወይን ጠጅ መሰል ቀለም አለው፤ ዛላው ከአንገቱ ላይ እጥፍ ብሎ ወደ አንድ ጎን ያያል። አጎንብሳ አንዱን አነሣችና መዳፏ ላይ አሸችው። ይህን ገብስ በሕልሟም ታውቀዋለች። ከእነሱ ማሳ በቀር ሌላ ቦታ አይታው አታውቅም፤ አባቷ "አንገተ ሰባራ" ይለው ነበር፤ እሱ ከአባቱ፣ አባቱም ከአባቱ የተቀበለው ነው።

"ይኸ የአባቴ ነው" አለች። ድምፅዋ ተለወጠባት።

ገበየሁ ተነሣ። "አባትሽ ማን ነበር?"

"አምባቸው። ከከላላ ማዶ። በአህያ ጭኖ መጥቶ እዚህ ደጅ አራገፈው። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ሞተ።"

ገበየሁ ዓይኑን ጨፈነ። "ቀይ ነው? ረጅም? ጢም ነበረው?" ግንባሩን በመዳፉ መታ። "ገብሱን አስታውሰዋለሁ። ከሺህ ፍሬ መሀል አውጪ ብትይኝ አወጣዋለሁ። ሰውዬውን ግን... ብዙ ነበሩ ልጄ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ጆንያውን ነበር የማየው።"

አስቻለች ብረቱን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። ልትመታው ፈለገች። 

"አታስታውሰውም?" አለችው። አንቱታው ከአፏ ወድቋል። "ቤታችንን አፍርሰህ፣ አታስታውሰውም?"

"አላስታውሰውም" አለ ገበየሁ። አልዋሸም፤ አላስተባበለም። ከዚያ በጉልበቱ ተንበርክኮ እሷ ከረገጠችው መደብ ላይ የረገፈውን ፍሬ አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።  አስቻለች ለጥቂት ጊዜ ከላይ ሆና አየችው። ከዚያ ብረቱን ጥላ እሷም ተንበረከከች፤ የአባቷ ገብስ ነውና መሬት ላይ መተው አልሆነላትም። ጎን ለጎን ሆነው ለቀሙ። የረገፈው ከተለቀመ በኋላ ገበየሁ ከግድግዳው ሥር አንድ ቅል አወጣ፤ በኅዳር የሰበሰበው የዚያው ገብስ ዘር ነው። አንድ ላይ ሲሰፈር አንድ ቁና ሞላ። ለመሬቱ ሁሉ አይበቃም፤ አንድ ጥግ ይይዛል። ከርሞ ግን ማሳ ይሆናል።

"ውሰጂው" አለ ገበየሁ።

አስቻለች ነጠላዋን ዘረጋች። ዘረጋችና ጠበቀች። በእነሱ አገር ዘር እንዲሁ ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም። ሰጪው በሁለት እጁ እያፈሰሰ ይመርቃል፤ ተቀባዩ አሜን ይላል። ያልተመረቀ ዘር አራጌ አፈር ላይ አይጥለውም፤ ቢርበው ቆልቶ ይበላዋል እንጂ።

ገበየሁ ቁናውን እንደያዘ ቆመ። "ሌላ ሰው ይመርቀው" አለ። "የእኔ ምርቃት ያደርቀዋል።"

"የሰጠ ነው የሚመርቀው።"

"ምን አፍ አለኝ? አንቺስ ለእኔ አሜን ትያለሽ?"

ይኸን አላሰበችውም ነበር። አሜን ማለት አለባት። አባቷን በጆንያ ለውጦ ፊቱን እንኳ ላላየ ሰው አሜን ማለት! ካላለች ደግሞ ዘሩ ዘር አይሆንም፤ አራጌም ይሄዳል። ከታች ሰው ደረጃውን ሲወጣ ይሰማል።

"ስሙን ጥራና መርቅ" አለችው። "አምባቸው በል።"

ገበየሁ ቁናውን አዘነበለ። ገብሱ ነጠላዋ ላይ መፍሰስ ጀመረ።

"የአምባቸው ዘር" አለ። ድምፁ ተሰበረ፤ ቆም ብሎ እንደገና ጀመረ። "የአምባቸው ዘር፣ ወደ አምባቸው ቤት ግባ። አንዱ መቶ ሁን። ውርጭ አይይህ፣ በረዶ አይንካህ። ዳግመኛ ለገበያ አትውጣ። የዘራህ ይብላህ፤ ልጁም የልጅ ልጁም ይብላህ።"

"አሜን!"

ያለችው አስቻለች አልነበረችም። ጓድ ንጉሡ ነው። ጭንቅላቱን በበሩ አውጥቶ፣ ዓይኑ በገብሱ ላይ ፈጥጦ፣ ምርቃት ሲሰማ ካደገ አፉ አሜን አምልጦታል። ደንግጦ አፉን በእጁ ያዘ። ባለፈው ሳምንት ስለ ኋላ ቀር ልማድ ለሁለት ሰዓት የተናገረው እሱ ነበር።

አስቻለች የገበየሁን ፊት አየች። አልቅሷል። አላዘነችለትም፤ ከልቧ ግን ዘሩ እንዲበቅል ፈለገች።

"አሜን" አለች።

ንጉሡ ወደ ራሱ ሲመለስ "ይኸ የተደበቀ እህል ነው፤ ይመዝገብ!" አለ። አስቻለች ዘሯን ቋጥራ መዝገቡን ተቀበለችውና ባማረው ጽሕፈቷ "ዘር፣ አሥራ አንድ ዓይነት" ብላ ጻፈች። ዘሩ ማንም እንዳይነካው፣ በገበያ ቀን ገበሬው እየወጣ መልኩን አይቶ የየራሱን እንዲለይ፣ ገበየሁም እዚያው ቆሞ የየሰዉን ፊት እያየ እንዲያስረክብ አሳሰበች። ገበየሁ ይህን ሲሰማ ፊቱ አመድ መሰለ። እምቢ ግን አላለም።

በማግስቱ ዘሩን በጀርባዋ አዝላ የከላላን መንገድ ያዘች፤ ሚካኤል ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው ከወንድሟ ማሳ ደረሰች። አራጌ መሬቱን ለሦስተኛ ጊዜ አርሶ ተስፋ እንደሌለው ሰው ሞፈሩ ላይ ተቀምጧል። ነጠላውን ስትፈታለት አንድ ፍሬ አንሥቶ አየ፤ በጥርሱ ሰበረው። 

"አንገተ ሰባራ" አለ። "ከየት አመጣሽው?"

ልትዋሸው ትችል ነበር። "ከገበየሁ" አለችው።

"ማን መረቀው?"

"ገበየሁ።"

አራጌ እጁን ከዘሩ ላይ አነሣ። "አሜን አልሽ?"

"አልሁ።"

 በሬዎቹ ቀንበር ተሸክመው ይጠብቁታል። ከማዶ ዳመናው እየመጣ ነው። አስቻለች ወንድሟን ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እንዲህ ዝም ሲል ግን ምን እንደሚያደርግ አታውቅም።

"በአባባ ስም ነው የመረቀው" አለች።

"አባባን ያውቀዋል እሱ?"

"አያውቀውም ነበር። አሁን ግን ስሙን ያውቀዋል፤ እኔ ነገርሁት።"

አራጌ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ከዚያ ነጠላውን አምጪ አላት፤ ዘሩን ዘገነና ወደ ማሳው ገባ።